የአሮጊቷ ጥቅል

ግንቦት 6 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ውሃ አልመጣም። የቦቴው ሾፌር ነገ ይላል፤ ትናንትም ነገ ብሎ ነበር። ሱቅ አልከፈትኩም። ከሐርተሼክ ገበያ የመጡትን ጋርባሳሮች ብቻ አጣጥፌ በየቀለማቸው ደረደርኩ። ሰኞ ሴቶቹ ለትከሻቸው ሲመርጡ እንዳያተረማምሱብኝ።

ራሔል ራሴን ከበደኝ አለች። ወዲያው አንገቷን ያዝኩ። ወደ ደረቷ ደፋ አደረግኳት፤ ታጠፈ። ደግሜ ደፋ አደረግኳት። ተቆጣች። ፀሐይ ነው እማዬ አለች። ፀሐይ ይሁን። የወንድሟ የዮናስም ጥር ላይ ሲጀምረው ፀሐይ ነው ተብሎ ነበር። ማጅራት ገትር መሆኑ የታወቀው አንገቱ አልታጠፍ ሲል ነው። ከዚያ በኋላ ጊዜ አልሰጠንም።

ከምሳ በኋላ ያንኑ ነገር አነሳች። የዮናስን የመጫወቻ ካርታ። አይሆንም አልኳት። ሳህኑን ሰብስባ ወጣች።

የካርታው ጥቅል መደርደሪያው ላይ ነው፣ ከሬዲዮው አጠገብ። በላስቲክ እንደታሰረ። ላስቲኩን ያሰረው እሱ ነው። አቧራውን እጠርግለታለሁ፤ አልፈታውም።

ደብተሬ፣ ለሰው ስናገር ሰው ያለቅስብኛል። ከዚያ አባባይዋ እኔ እሆናለሁ። አንተ አታለቅስም። ለዚህ ነው።

ግንቦት 9፣ ረቡዕ

ሱቅ ውስጥ። ገበያ የለም። ራሔል የጠየቀችኝን በደንብ ልጻፈው፤ ስጽፈው ይገባኝ እንደሆነ።

መ/ር ጌቱ ግቢዬ ውስጥ አንዷን ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ፊዚክስ ያስተምራል። የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ገና ወጣት። አንድ ሣጥን አለው፣ ሥዕል ያለባቸው ካርታዎች የሞሉበት። መጀመሪያ ካርታ ይጫወታሉ ሲሉኝ ቁማር መስሎኝ ሁለቱንም ልጆቼን ከለከልኩ። ኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ። ገንዘብ የለም። ማን አሸነፈ ስላቸው ሁላችንም ይላሉ። ሌላ ቀን ደግሞ ሁላችንም ተሸነፍን ይላሉ። አራት ሆነው በአንድ ወገን፣ ሣጥኑ ብቻውን በሌላ ወገን። እንዲህ ያለ ጨዋታ አይቼ አላውቅም።

እያንዳንዱ አንድ መንገደኛ ይሆናል፤ የራሱ የካርታ ጥቅል አለው። የጎረቤታችን ልጅ አብዲ ጦረኛ ነው። ራሔል ቀስተኛ። መ/ር ጌቱ አስማተኛ። መብራት ይዘው ጨለማ የዋጠውን ተራራ ይሻገራሉ። ከሣጥኑ የሚወጣው የጨለማ ክምር ያቆስላቸዋል፣ ያደክማቸዋል፣ መንገድ ያስታቸዋል።

ዮናስ ማንም ያልፈለጋትን መረጠ። አሮጊት ናት፤ ምርኩዝ የያዘች፣ አፍንጫዋ የጎበጠ። አትዋጋም። የእሷ ጥቅል የቆሰለውን ያክማል፣ የደከመውን ያነሳል፣ ካርታ ያለቀበትን ሌላ እንዲስብ ያደርጋል። ደጋፊ ይሏታል። አብዲ አንድ ቀን እናትህን ትመስላለች ብሎ ሲያበሽቀው ሰማሁ። ዮናስ ምን አለ? የእናቴ አፍንጫ ቀጥ ያለ ነው፣ ሌላው ግን እሷው ናት። ከጓዳ ሆኜ ሁለቱንም ተሳደብኩ።

ዮናስ ሲሞት ጉዞው አላለቀም ነበር። የመጨረሻው ቀርቷል። ሦስት ሆነው ሞከሩ፤ የሚያነሳቸው ሰው ስለሌለ ከመንገድ ይቀራሉ። መ/ር ጌቱ ደግሞ ዝውውር ተፈቅዶለታል። ት/ቤት ሲዘጋ ሣጥኑን ይዞ ወደ አገሩ ይገባል። ከዚያ በፊት መጨረስ ይፈልጋሉ። አሮጊቷን እኔ እንድይዝላቸው።

ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ነው። ካርታው እንግሊዝኛ ነው። ይህንን ምክንያት አደረግኩ። ራሔል፣ ዮናስ የእያንዳንዱን ትርጉም በአማርኛ ጽፎ የካርታው ፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ከቶታል አለችኝ። የእጅ ጽሑፉ እዚያ ውስጥ አለ ማለት ነው። አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዲት ሴት ለድሪዕ ቀሚስ የጠየቀችኝን ጨርቅ አሳጥሬ ቆረጥኩባት።

ሌላም አለ። ሣጥኑ ውስጥ የስም ወረቀት አለ። የመንገደኛው ስም፣ አጠገቡ የተጫዋቹ ስም። በመጨረሻው ጉዞ የወደቀ ሰው ስሙ ይሰረዛል፤ ሕጉ ነው። አሮጊቷ አጠገብ በራሱ እጅ «ዮናስ» ተብሎ ተጽፏል። እኔ አላዋቂዋ ይዣት ብትወድቅስ?

አይሆንም።

ግንቦት 13፣ እሑድ

እሺ አልኩ።

ያስባለኝ ራሔል አይደለችም፤ የአብዲ እናት ፋዱማ ናት። ትናንት ከቱሊ ጉሌድ የመጣላትን የግመል ወተት አድርሳልኝ ሱቁ በር ላይ ቆመች። አብዲ በክፍል ውስጥ የዮናስ ቦታ ላይ ቦርሳውን ያስቀምጣል አለችኝ። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነበሩ። ሌላ ልጅ ሊቀመጥ ሲመጣ ሰው አለበት ይላል አሉ። ይህን ነግራኝ ሄደች።

ላስቲኩን ፈታሁ። አንጓዬ ላይ አደረግኩት። ካርታዎቹ የእሱን እጅ የሚሸቱ መስሎኝ ነበር፤ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላሉ። ጽሑፉ ግን የእሱ ነው። ያ «ሀ»ውን አንድ እግሩን የሚያስረዝመው።

ከሰዓት በኋላ አራታችን ተቀመጥን። ላብ አጠመቀኝ። መ/ር ጌቱ በትዕግሥት አስረዳኝ። ተራዬ ሲደርስ ለአብዲ የቁስል መድኃኒት ሰጠሁት። ይቅርብኝ፣ ለራስዎ ይያዙት ኤዶ አለኝ፤ ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዲያ ነው የሚጠራኝ። ለመ/ር ጌቱ ሰጠሁ። እሱም አይ እትዬ አስቴር፣ እኔ ደህና ነኝ። ደህና አይደለም፤ የአስማተኛው ጉልበት አልቋል፣ አያለሁ። እንግዳ እህል ሲገፋ እንደሚለመነው ለመንኩት። በሞቴ አልኩ።

ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ ነው የታወቀኝ። መ/ር ጌቱ ካርታውን በሁለት እጁ ተቀበለ።

አሸነፍን። ሙከራ ነው፤ ስሙ አይሰረዝም፣ አይቆጠርምም። ቢሆንም አሸነፍን። ራሔል አቀፈችኝ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ፈራሁ። ደስታው ቀለለብኝ። ሰው ተሸክሞልኝ የሄድኩ ይመስላል።

ግንቦት 17፣ ሐሙስ

ሱቅ ዘግቼ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቻቸዋለሁ። ሁሉንም አንድ በአንድ አነበብኩ። በዝግታ ነው የማነበው።

ያናደደኝን ልንገርህ። በጥቅሉ ውስጥ አሮጊቷን ራሷን የሚከላከል አንድም ካርታ የለም። ሁሉም ለሌላ ነው። ለራሱ ምንም አላስቀመጠም። እንዲህ ይደረጋል?

ይባስ ብሎ አንድ ካርታ አለች፣ ሥዕሏ የተከፈተ በር። የእሱ ጽሑፍ እንዲህ ይላል። «የማይመለስ ሌላ ሰው ላይ ሲወድቅ ወደ አሮጊቷ ይዙር።» ራሔልን ጠየቅኳት። የማይመለስ በጨለማው ክምር ውስጥ ያለ ካርታ ነው፣ የወደቀበት ሰው አይነሳም አለች። ቶሎ ብላ ወሬ ቀየረች።

እንግዲህ ሞት ማለት ነው። ልጄ ደግሞ ሞት ሲመጣ ወደ እኔ ይዙር ብሎ ጽፎ አስቀምጧል። በጨዋታ። አውቃለሁ፣ በጨዋታ።

መ/ር ጌቱን ጥቅሉ ላይ መጨመር ይቻላል ወይ አልኩት። ከሠላሳ አይነስ እንጂ ይቻላል አለ። ከሣጥኑ ጋሻ የሚባሉትን ለቅሜ ጨመርኩ። ለአሮጊቷ የሚሆኑትን ሁሉ። ከእሱ አንድም አላወጣሁም። እሱ ያስገባውን እኔ አላወጣም። ላስቲኩ በግድ ደረሰ።

ራሔል ዛሬ ሳል አላት። ሁለቴ አንገቷን አየሁ፤ ታጠፈ።

ግንቦት 20፣ እሑድ

ረመዳን ገብቷል። አብዲ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ጾሙን ለማሳለፍ ጭምር ነው። ቆሎ አላቀረብኩም። እኛም አንበላበትም አሉ ራሔልና መ/ር ጌቱ፤ አብዲ ብሉ ወላሂ፣ ስላየኋችሁ አልሞትም አለ። ከዚያ ከንፈሩን ነከሰ።

እዚህ ቤት አንድ ቃል ሁሉ ሰው አፍ ላይ ይሰናከላል።

ተጫወትን። በሯን ካርታ ገና መጀመሪያ ላይ ሳብኳት። ያዝኳት። ማንም ላይ አልጫወታትም ብዬ ወስኛለሁ፤ ቢሆንም የማይመለስ መቼ ይወጣል እያልኩ ልቤ ሲመታ ዋለ። አልወጣም። ክምሩ አለቀ፤ አልወጣም። ባለፈውም አልወጣም ነበር። ካርታው የት ሄደ አልኳቸው።

ተያዩ።

አብዲ፣ አንዳንዴ አይመጣም ኤዶ፣ አላህ ካለ አይመጣም አለ። መ/ር ጌቱ መነጽሩን ይጠርግ ጀመር። ራሔል እጄን አየች። ፊቴን ሳይሆን እጄን።

ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። የት እንደማውቀው እስከ አሁን ሳስብ ነበር።

ግንቦት 22፣ ማክሰኞ

አስታወስኩ።

አባቴ ደብረ ሲና ያረፈ ጊዜ። እኔ እዚህ ጅጅጋ፣ ዮናስን አርግዤ። ስልክ ለዕድሩ ዳኛ ተደውሎ ነበር። እስክወልድ ይቆይ ተባለ። ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ብቻ አላውቅም። ያን ሰሞን ገበያዬ ደራ። የማያስፈልጋቸውን ጨርቅ ይገዙኛል። ዋጋ አይከራከሩም። ሲከፍሉኝ እጄን ያያሉ። ወልጄ ክርስትና ካነሳሁ በኋላ ነው አንድ ማለዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ላይ የቆሙት።

በደግነት ነው ያደረጉት። ግን ያን ሁሉ ጊዜ ለአባቴ የአዲስ ዓመት ካልሲ ገዝቼ አስቀምጬ ነበር። ያ ነው ያንገበገበኝ።

አሁንም መርዶ ደብቀውብኛል። ካርታውን አውጥተውታል። ያ ሁሉ ማሸነፍ ለዚህ ነው የቀለለኝ። ለዚህም ነው ይቅርብኝ ይቅርብኝ የሚሉኝ፣ ጋሻ በጋሻ ላይ ስደርድር ዝም የሚሉኝ። ደጋፊ ሆኜ ተቀምጬ እኔ ነኝ የምደገፈው።

ዝም ልበል? ዝም ብል ጉዞው እንዲሁ ያልቃል። ስሙ አይሰረዝም። ማንም አይወድቅም። አሮጊቷም ዮናስም ወረቀቱ ላይ ይኖራሉ።

ምሳ አልበላሁም።

ግንቦት 27፣ እሑድ፣ ጰራቅሊጦስ

ከመቀመጣችን በፊት ተናገርኩ። ድምፄ እንዳይሰበር አስቀድሜ ጓዳ ውስጥ ተለማምጄዋለሁ።

«መርዶዬን አምጡ» አልኩ።

ራሔል አለቀሰች። መ/ር ጌቱ ወለሉን አየ። አብዲ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ ሽፋኑን ላጠ፣ ከሥር የማይመለስን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገው። እቤት ብንተወው ያገኙታል ብለን ፈራን አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይዞት ሲዞር ነበር። ት/ቤት፣ መስጊድ፣ ገበያ። ልጄን የወሰደብኝን በኪሱ ይዞ ወተት ያደርስልኝ ነበር።

ሥዕሉን አየሁት። የሚያስፈራ ነገር የለውም። ባዶ ጫማ ነው፣ ደጃፍ ላይ የተቀመጠ።

ክምሩ ውስጥ መልሼ ራሴ በወዝኩት።

ክፉኛ ነው የተጫወትነው። የሚያስፈልገኝ መድኃኒት አይመጣልኝም። ጋሻ፣ ጋሻ፣ አሁንም ጋሻ። አብዲ ወደቀ፤ የሚያነሳው አልሳብኩም። የማይመለስ ወጣ። ራሔል ላይ ወደቀ። ቀስተኛዋ ላይ።

በሯ እጄ ላይ ነበረች።

አልጣልኳትም። ይዣት ተቀመጥኩ። ራሔል ካርታዎቿን ሰብስባ በደንብ አስተካክላ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አኖረች። ተሸነፍን። ምንም አይደለም፣ ሙከራ ነው አሉኝ።

ካርታዬን ስሰበስብ ሳላስብ ገልብጬ ተውኩት። ራሔል በሯን አየቻት።

ግንቦት 29፣ ማክሰኞ

ራሔል አታናግረኝም። ትታዘዘኛለች፤ አታናግረኝም።

ጠዋት አንገቷን ልይ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እጄን ያዘችው፤ ጫን አድርጋ ወደ ጉልበቴ መለሰችው። ያንን ካርታ ለምን ያዝሽው አለችኝ። ዮናስ እንዳይሰረዝ አልኳት። እውነቱን ነው የነገርኳት።

«እኔም እኮ አለሁ፣ እማዬ» አለች።

ቦርሳዋን አንግባ ሄደች።

ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ዋልኩ። አንድ ሰው የቀሚስ ሺቲ ጠይቆኝ ጋርባሳር አወጣሁለት። በየቀኑ አንገቷን እይዛለሁ። ፊቷን መች አየሁ? ፀጉሯን ተሠርታለች። ከመቼ ጀምሮ?

ከሰዓት መ/ር ጌቱ ኪራይ ሊያመጣ መጣ። የጥቅሌ ችግሩ ምንድን ነው፣ በእግዚአብሔር ይዤሃለሁ እውነቱን ንገረኝ አልኩት። ተጨነቀ። ሻይ ጋበዝኩት። ከዚያ ተናገረ። ጥቅሉ ወፍሯል አለ፤ ጥቅል በወፈረ ቁጥር የሚያስፈልግዎ ካርታ ይርቅዎታል። ያስገቡትን ያህል ማውጣት ነበረብዎት። ዮናስም ካስገባቸው ግማሹ ለባለፈው ጉዞ የሚሆኑ ናቸው፤ ተራራው ላይ አይሠሩም። እሱ ቢኖር ኖሮ አውጥቷቸው ነበር፣ በየጉዞው ይፈታው ነበር እኮ አለ።

በየጉዞው ይፈታው ነበር። እኔ ደግሞ እንደ ታቦት ጠቅልዬ አስቀምጬው።

እቤት ስገባ ላስቲኩን ላስርበት ሳብኩት። አልበቃ አለ። ተበጠሰ።

ሁለት ጭራ ሆኖ እጄ ላይ ቀረ። ተቀምጬ አለቀስኩ። እንዲህ ካለቀስኩ ቆይቻለሁ። ራሔል መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አንገቷን አልነካሁም።

ሰኔ 4፣ እሑድ

ሱቁ በር ተዘግቶ። እኔና ራሔል ብቻ። ጨርቅ የምለካበት ጠረጴዛ ላይ ሁሉንም ዘረጋን።

መጀመሪያ ጋሻዎቹን አወጣሁ። እነሱ የኔ ፍርሃት ናቸው፤ ቀላል ነበር። ከዚያ የእሱን።

አንዱን አነሳለሁ፣ የጻፈውን አነባለሁ፣ ራሔል ለምን እንዳስገባው ትነግረኛለች። ይህ ለአብዲ ነው፣ አብዲ ሳይጠይቅ ቀድሞ ስለሚገባ ሁሌ ይቆስላል። ይህ ለመ/ር ጌቱ፤ ካርታ ቆጥቦ ቆጥቦ ሳይጫወተው ጨዋታው ስለሚያልቅበት። ይህስ? ይህ ለእኔ ነው አለች። ጥሩ ካርታ ሳይመጣልኝ ሲቀር አኮርፋለሁ፤ ይህን ሲሰጠኝ እንደገና እስባለሁ። የኩርፊያ ካርታ ይለው ነበር። ሳቅን። ሁለታችንም። እንደ ሌባ በሩን አየን፣ ሰው የሰማን ይመስል።

ስለ ልጄ የማላውቀው ነገር ነበር ለካ። ለእኔ ዝም ያለ ልጅ ነበር። ዝም ብሎ እያንዳንዱ ሰው የት እንደሚደክም ያይ ነበር።

ለተራራው የማይሠሩትን አወጣሁ። አንዱን አራት ጊዜ አውጥቼ መለስኩ፤ በአምስተኛው ራሔል ከእጄ ወሰደችው። የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አደረግናቸው። በእነሱ ፋንታ ከሣጥኑ ሌሎች መረጥን። ሰውን ከድካም የሚያነሱ። ተራ የሚያሳልፉ። አንዱ ሲጠቃ ሌላው ቀድሞ እንዲደርስለት የሚያደርጉ። ይህንኛው ገባኝ። ዕድር እኮ ነው አልኳት፤ ድንኳኑ የሚተከለው ሐዘንተኛው ሳይጠይቅ ነው። አዎ አለች፣ ዮናስም እንዲያ ነበር የሚያስረዳው፣ አንቺን ነው የሚጠቅሰው።

አዲሶቹ ላይ ትርጉሙን ራሔል ነገረችኝ፣ ወረቀቱን እኔ ጻፍኩ። እጄ ቀርፋፋ ነው። ፊደሌ ይገዝፋል። አሁን በጥቅሉ ውስጥ የሁለት ሰው ጽሑፍ አለ። ስበውዘው አንዴ የእሱ፣ አንዴ የኔ ይመጣል።

በሯን ካርታ አላወጣኋትም። ራሔል አየችኝ። አየኋት። ጥቅሉ ውስጥ ከተትኳት።

በአዲስ ላስቲክ አሰርኩት። ልክ ሆነ።

ሰኔ 8፣ ሐሙስ

የሐዋርያት ጾም፣ ረመዳን። የጠረጴዛው ግማሽ በአንዱ፣ ግማሽ በሌላው ተይዟል። አብዲ ማን ቀድሞ ይፈታል ይላል። እናንተ አስራ ምናምን ቀን ስትጾሙ ወተት ብቻ ነው የቀረባችሁ፣ የኛ ጾም ነው ጾም ይላል። አፍህን ዝጋ አልኩት። ደስ አለው።

ሕግ አወጣሁ። ከዛሬ ጀምሮ ይቅርብኝ ማለት ክልክል ነው። የሚያስፈልገው ይጠይቅ። የማያስፈልገው ዝም ይበል። እኔን የሚያዝንልኝ ከጠረጴዛው ይነሳ። አብዲ መጀመሪያ አፈረ። ኋላ ግን ካርታ ሲያጥረው፣ ኤዶ ያንን፣ ያንን ቶሎ በይ፣ አለኝ። በይ አለኝ፤ ይበሉ ሳይል። ራሔል ጉሸማ ልታቀምሰው ነበር። ተይው አልኳት። ዮናስንም እንዲሁ ነበር የሚጠራው።

ለጥቂት ተሸነፍን። የማይመለስ መ/ር ጌቱ ላይ ወደቀ፤ በሯ አልመጣችልኝም ነበር። ቢመጣልኝስ? አላውቅም። እግዚአብሔር ይመስገን አልመጣችም ብዬ ነበር በልቤ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለአንተ ብቻ።

መ/ር ጌቱ ዕቃውን ማሰር ጀምሯል። ሰኞ በማለዳው መኪና ይሄዳል። እሑድ የመጨረሻው ነው። ይቆጠራል።

አገልግሎቱን ሰጥቶ የሚሄድ ሰው ቤቱን እንዲህ ባዶ ያደርገዋል? ፍራሹን ብቻ ነው ያልጠቀለለው።

ሰኔ 11፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ከተቀመጥን ቆይተናል። አሁን አቁመናል። የአስር ሰዓቱ አዛን ተሰማ፤ አብዲ ሊሰግድ ወደ መስጊዱ ወጣ። ካርታውን ፊቱን ደፍቶ፣ እንዳትነኩብኝ ብሎ። መ/ር ጌቱ ግቢው ውስጥ ገመድ እያጠበቀ ነው። ራሔል ከፊቴ ተቀምጣለች።

እንዲህ ነው ያለነው። ተራራው ጫፍ ደርሰናል። መብራቱ በራሔል እጅ ነው፤ በሚቀጥለው ተራ ትተክለዋለች፤ ያኔ ጉዞው ያልቃል። ሁላችንም ቆስለናል፣ ማንም አልወደቀም። ጥቅሉ መልካም ነው። ለአብዲ ቀድሜ ደረስኩለት። መ/ር ጌቱ ቆጥቦ ያስቀመጠውን አስወጣሁት። ራሔልን የኩርፊያውን ካርታ ስሰጣት ሳቀች።

አዛኑ ሊሰማ ሲል የማይመለስ ወጣ።

ራሔል ላይ ነው የወደቀው። ባዶው ጫማ ቀስተኛዋ ፊት ተቀምጧል። እሷ ከወደቀች መብራቱም ይወድቃል።

በሯ እጄ ላይ ናት። ገና በመጀመሪያው ስስብ ነው የመጣችው፤ ይዣት ነው ያደረስኩት። ራሔል አላየችም። ወይ አይታ ዝም ብላለች። ፊቷን እያየሁ ነው፤ ፊቷን፣ አንገቷን ሳይሆን። የላይኛው ከንፈሯ ላይ ላብ አለ። እኔን አታይም። መስኮቱን ታያለች። እንድመርጣት ልትጠይቀኝ አትፈልግም። አስራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ያለ ኩራት ከየት አመጣች።

ደብተሬ፣ ፈራሁ። አልዋሽህም። ካርታውን ብጥል አሮጊቷ ትሄዳለች። ሕጉ ሕግ ነው፤ ስሙ ይሰረዛል። መ/ር ጌቱ እንተወው እንደሚለኝ አውቃለሁ። አብዲም ወላሂ ማንም አላየም ይላል። አይሆንም። ከዚህ ወዲያ አትደብቁብኝ።

እሱ ግን ይህን አስቦ ነው ያስገባት። ማን ላይ እንደሚወድቅ ሳያውቅ። ለራሱ አንድ ጋሻ ሳያስቀምጥ። እኔ ካርታዋን ይዤ ብቀር የእሱ ጥቅል ምኑ ነው የእሱ?

ወስኛለሁ። አብዲ ሲመለስ፣ ሁሉም ባለበት፣ በሯን እጥላለሁ። መብራቱን ራሔል ትተክላለች። ከዚያ የስም ወረቀቱን አምጡልኝ እላለሁ። ሌላ ሰው እንዲሰርዘው አልፈቅድም። ስሙን ስወልደው ያወጣሁት እኔ ነኝ። የምሰርዘውም በዚሁ እስክሪብቶ ነው።

የውጭ በር ተንኳኳ። አብዲ ነው፣ እርምጃውን አውቀዋለሁ። ራሔል ዞረች። እጄን ሳይሆን ፊቴን እያየች ነው፣ እኔም ፊቷን። በሯን አነሳሁ።